የእንቦጩ ካርድ

«ስሜን በዚህ አረም ላይ አትጽፉትም» አለ ኦጎላ። ሸካራውን ወረቀት በአንድ ጣቱ ወደ ልጁ ወደ አኬሎ ገፋው።

ሠርጓ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ካርዱ ዛሬ ካልተመረጠ አይደርስም። ከጠዋት ጀምሮ በካንቲላል ማተሚያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ናሙናው እንደ ጉድ ተዘርግቷል፤ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ ሲዳስሱት እንደ ጥጃ ጆሮ የሚለሰልስ፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ፣ የአበባ ቅጠል የተረጨበት። የራሷን፣ በእጇ የሠራችውን የእንቦጭ ወረቀት ያወጣችው መጨረሻ ላይ ነበር።

ኦጎላ እንቦጭን የሚጠላው በወሬ አይደለም። ዓሣ የሚያሰግርበትን ሐይቅ ዘግቶ ጀልባውን ከዓመት በላይ ዳር ላይ አስቀምጦበታል። ጣት የማታክለዋን ኦሜና የተባለች ዓሣ የሚያጠምድበትን ጥቅጥቅ ያለ መረብ ተብትቦ በጣጥሶበታል። አኬሎ ትምህርቷን ያቋረጠችውም ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የእንቦጭ ስም ሲነሳ ወደ ጎን እንትፍ ሳይል አያልፍም። ይቺ ልጅ ደግሞ በዓለም ላይ ሥራ የጠፋ ይመስል፣ ሄዳ ሄዳ እንቦጭ በበርሜል ቀቅለው ወረቀት ከሚያወጡ ሴቶች ጋር ገባች። አራት ዓመት ሙሉ ሥራ ቦታዋን ረግጦት አያውቅም።

«እኔ የምፈልገው ይሄንን ነው» አለና ከሁሉም የሚያንጸባርቀውን የወርቅ ካርድ አነሳ።

«አውቄዋለሁ» አለ ካንቲላል። አባቱም እሱም የኪሱሙ ከተማን ሠርግ ሁሉ ሲያትሙ የኖሩ ናቸው፤ ዘሩ ከባሕር ማዶ ቢሆንም የኦጎላን ቋንቋ ከኦጎላ እኩል ይናገራል፤ የሰው ቤተሰብ ሲከራከር ማየትም ደስ ይለዋል። «በዚህ ከጠራሃቸው ግን እንግዶችህ የፀሐይ መነጽር አድርገው ነው የሚመጡት።»

«አድርገው ይምጡ። የሙሽራው አባት ናይሮቢ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። ዓሣ አጥማጁ ልጁን በአረም ጠቅልሎ ላከልኝ እንዲል ነው የምትፈልገው?»

ቀልድ አስመስሎ ተናገረው እንጂ ያስፈራው ይኸው ነበር። ካርዱ የሚወጣው በሙሽራዋ አባት ስም ነው፤ ሰው የሚያነበው መጀመሪያ እሱን ነው።

«አንተ ካልክ ወርቁ ይሁን፣ አባ» አለች አኬሎ። ሳታኮርፍ ነበር ያለችው። ብታኮርፍ ይሻለው ነበር፤ ለኩርፊያ መልስ አያጣም። ወረቀቶቿን አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀመረች።

ካንቲላል ግን የማያውቀው ወረቀት እጁ ገብቶ ሳይሞክረው የሚመልስ ሰው አይደለም። «ቆይ እስቲ፣ አንዴ ልየው» ብሎ አንዱን ማተሚያው ውስጥ አስገባ። በመጀመሪያ ወርቁን ሞከረ፤ ወርቁ ሸካራው ላይ አልይዝ ብሎ እንደ ዓሣ ቅርፊት ረገፈ። ቀጥሎ ያለ ወርቅ፣ ያለ ቀለም፣ ፊደሉን ብቻ ተጭኖ አወጣው። የአኬሎ ስም ወረቀቱ ውስጥ ሰጥሞ፣ ወደ በሩ ብርሃን ሲያዘነብሉት ጥርት ብሎ ይታያል። ኦጎላ ሳያስበው አንገቱን አሰገገ።

«ያምራል፤ አልዋሽም» አለ ካንቲላል። ከዚያ ገለበጠውና ፊቱን አጨማደደ። «ምን ዋጋ አለው፣ ጀርባው ጉድለት አለበት። ይኸው፣ ጥጉ ላይ እብጠት። ይሄኛውም። ይሄኛውም እዚያው ቦታ ላይ። አንቺ ልጅ፣ ወረቀት የምታወጪበት ወንፊት ተበላሽቷል።»

«አልተበላሸም፣ ጋሼ። ቅቅሉን ከውሃ ሳወጣ ወንፊቱ ላይ መረብ አነጥፋለሁ። የሚወጣው የመረቡ ቅርጽ ነው።»

«እንግዲያው መረቡን ቀይሪው።»

«አልቀይረውም» አለች። ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ኦጎላ እጁን ዘረጋ። «እስቲ አምጣው።»

አውራ ጣቱን በወረቀቱ ጀርባ ላይ አስኬደ። የኦሜና መረብ ነው፤ ይህን ለማወቅ ማየት አላስፈለገውም። ከዚያ እብጠቱ ላይ ደረሰ። ሁለት ዙር፣ ወደ ኋላ አንድ፣ ከዚያ በግራ በኩል ሾልኮ የጠበቀ ቋጠሮ። ኦጎላ ግራኝ ነው። በዚያ ዳርቻ መረብ የሚጠግን ሁሉ በቀኙ ሲቋጥር በግራው የሚቋጥር እሱ ብቻ ነበር፤ ጓደኞቹ ሲስቁበት ኖረዋል። ያን ቦታ የጠገነበት ቀን ሳይቀር ትዝ አለው፤ አኬሎ ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ክር ታቀብለው ነበር።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከቤታችን ጀርባ። የጣልከው ጊዜ አነሳሁት።»

«እና አራት ዓመት ሙሉ ዝም አልሽኝ?»

«እንቦጭ በተባለ ቁጥር ትተፋለህ። ምን ብዬ ልንገርህ?»

ካንቲላል ሳቁን በሳል ሸፈነው። ኦጎላ ሌላ ወረቀት ሳበ፣ ሌላም ሳበ፤ ቋጠሮው ሁሉም ላይ አለ። አለቀለት ብሎ የጣለው መረብ ለካ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ኖሯል። ደስ አለው። ደስታው በሰው ፊት ስለመጣበት ደግሞ ትንሽ አፈረና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወርቁስ?» አለ ካንቲላል።

«ላንተ ሠርግ አስቀምጠው።»

አኬሎ አፏን በእጇ ከደነች። ካንቲላል ራሱን እየነቀነቀ አዲስ ወረቀት አነሳና ጠረጴዛው ላይ አስተካከለው። «ፊቱ እንግዲህ ይሄ እብጠት የሌለበት ነው። ስምህን ከላይ...»

ኦጎላ ወረቀቱን ከእጁ ወስዶ ገለበጠው። ቋጠሮውን ወደ ላይ አድርጎ አስተኛውና ከሥሩ በጥፍሩ አንዲት መስመር አሰመረ።

«ስሜን እዚህ» አለ።