የማራገቢያው ጥላሸት

ራድኮ ቪዲን ከተማ፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር ላፕቶፕ ይጠግናል። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን ልጓም የለውም። ደንበኛ የሚመለስለት ለእጁ ሲል ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ የገጠር ሽማግሌ ላፕቶፕ በፎጣ ጠቅልለው አመጡ።

«ይጮሃል ይጮሃልና ድርግም ይላል» አሉ። ጺማቸው አድጎ ተንጨባሯል።

«ምነው አባባ፣ የመንደራችሁ ጸጉር አስተካካይ ሞተ እንዴ?»

«ኧረ እሱስ ደህና ነው» አሉ ሽማግሌው፤ አልሳቁም። ማታ በመጨረሻው አውቶቡስ ስለሚመለሱ ከዚያ በፊት እንዲያደርስላቸው ለምነውት ወጡ።

ብሎኑን መፍታት ሲጀምር ዞርኒትሳ ገባች፤ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። እሷም ላፕቶፕ ታቅፋለች፤ ክዳኑ ላይ የእግር ኳስ ቡድን አርማ ተለጥፎበታል።

«ይሞቅና ይጠፋል። ዛሬ ማታ እፈልገዋለሁ» አለች።

«ዛሬስ አይሆንም፣ እትዬ። ሰኞ ብቅ ይበሉ።»

«ሰኞ አልችልም። ማታ ማታ የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

«ኦሆ! ታዲያ ትንሽ ቢናፍቅ ምን አለበት? ፍቅር እኮ ሲቆይ ነው የሚጣፍጥ።»

ዞርኒትሳ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ራድኮ በልቡ፣ ምነው አፌን በቆረጠው አለ።

ላፕቶፑ የልጇ የያቮር ነው። ያቮር ሆላንድ፣ አበባ እርሻ ውስጥ ሲሠራ ታመመና ባለፈው መኸር ሞተ። ሕመሙ ሲጠናበት፣ «ለአያቴ እንዳትነግሪያት፤ ልቧ አይችለውም» ብሎ አስምሏታል። አያቱ እማማ ጾና የአባቱ እናት ናቸው፤ ከባላቸው ጋር ገጠር ይኖራሉ። ዞርኒትሳ ባሏ ከሞተ ወዲህ በቤት ውርስ ተጣልታ ከአማቶቿ ጋር ሰላምታ እንኳ የላትም። ልጇን እዚያው ሆላንድ ቀብራ ተመለሰች። በአገሩ ልማድ የሟች ቤት በር ላይ የሚለጠፈውን፣ ፎቶው ያለበትን የሐዘን ወረቀትም አልለጠፈችም፤ ከዚያ መንደር ለገበያ የመጣ ሰው አንብቦ እንዳያወራ ፈርታ ነው። ጎረቤት ግን ይህች ምን ዓይነት እናት ናት እያለ ያማት ጀመር።

ከዚያ ወዲህ በየማታው በልጇ ስም ለእማማ ጾና ትጽፋለች።

«በስልክ ቢጽፉስ?» አለ ራድኮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የይለፍ ቃሉን ይዞት ሄደ። የሚከፈተው በዚህ ብቻ ነው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ደግሞም የነቁብኝ ይመስለኛል። ድሮ ስንት ነበር የሚጽፉት! ምን በላህ፣ ማንን ወደድክ፣ ጥቁሯ ዶሮ ታቀፈች... አሁን ወር አልፎታል፣ 'ደህና ነኝ፤ ልብስ ደርብ' ብቻ ነው፤ እሱም ፊደሉ ተዘባርቆ። ድምፅህን አሰማኝ ማለቱንም ትተውታል። ያቮር እንዳልሆንኩ አውቀዋል እኮ! ዛሬም ከጠፋሁ በቃ፣ ይቆርጡታል። እኔ ነኝ የምገድላቸው።»

ራድኮ የሽማግሌውን ላፕቶፕ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ የሷን ከፈተ።

ላፕቶፑን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ላይ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ክንፎቹ በጥቁር ጥላሸት ተጣብቀዋል።

«አጠገቡ ሻማ ያበራሉ እንዴ?»

«ለነፍሱ ነው። እየጻፍኩ አበራለታለሁ።»

አቧራውን በብሩሽ አራገፈ፤ ጥላሸቱን በአልኮል ጠረገ። ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ ቅባት ፍቆ አዲስ ቀባ፤ ዘንጉ ላይ ዘይት ጠብ አደረገ። ሲያበራው ማራገቢያው ድምፅ ሳያሰማ ዞረ። ዞርኒትሳ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችና እንደገና አለቀሰች። አሁን የጠፋው የማራገቢያው ጩኸት ልጇ እያመሸ ሲጫወት በግድግዳው በኩል የምትሰማው ነበር።

«ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ ነው የጠፋሁት እላቸዋለሁ» አለች ስትወጣ። «እውነት ነው፤ ይህ እንኳ እውነት ነው።»

ራድኮ ወደ ሽማግሌው ላፕቶፕ ተመለሰ። ውስጡ ያው ጥላሸት ነው። ዛሬ ደግሞ ምን ጉድ ነው፣ አገሩ ሁሉ ሻማ ለኩሶ ነው እንዴ የሚጽፈው አለና ጠረገው።

ሊመሽ ሲል ሽማግሌው መጡ። ራድኮ መሥራቱን ሊያሳያቸው ላፕቶፑን አብርቶ ከሱቁ ኢንተርኔት ጋር አገናኘው። ማራገቢያው ቀስ ብሎ ዞረ፤ ወዲያው አንድ መልእክት ጢው ብሎ ገባ፤

«አያቴ፣ እንደምን አመሸሽ? ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ ነው የጠፋሁት። ያቮር።»

ራድኮ ስሙን ደግሞ አነበበው። የእማማ ጾና ባል ፊቱ ቆመዋል። አፉ እንደ ልማዱ ሊቀድመው ሲል ጥርሱን ነከሰ። አሮጊቷ እቤት ሆነው የልጁን መልእክት እንደሚጠብቁ አሰበ። ከእኔ አፍ አይወጣም፣ ሲሞቱም በተስፋ ይሙቱ አለ በልቡ።

«የልጅ ልጅዎ ነው መሰል» አለ፣ እንደ ምንም ፈገግ ብሎ። «በሉ ቶሎ ይውሰዱላቸው፤ እማማ እየጠበቁት ይሆናል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳቡና ፊደሉን በአንድ ጣታቸው መልቀም ጀመሩ፤ «ደህና ነኝ። ልብስ ደርብ።»

«ምን እባክህ ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከፊደሉ ሳይነቅሉ፤ «የባለቤቴን አርባ ትናንት አወጣን፤ ልጁ ግን በሰው አገር ብቻውን ነው፣ መርዶዋን እንዴት ይችለዋል ብዬ በራችን ላይ የሐዘን ወረቀት እንኳ አልለጠፍኩም።»