ጂፑ ወተት አይጠጣም

መኪና እንደ ከብት እየተራባ ከሥጋ መሠራት ከጀመረ ወዲህ በየቤቱ ቀድሞ የሚመገበው እሱ ነው። የእኛዋ መኪና ወተቷን ካልጠጣች ገበያ አታደርሰኝም። ለሃጭ የሚያዝረበርብ ምላሷን ዘርግታ ወተቱን ስትጨርስ ለልጄ ለትርንጎ የሚተርፋት አተላው ነው። የመኪናዋ ጠረን ደግሞ አያስጠጋም። እልህ ይዞኝ አንድ የድሮ የወታደር ጂፕ ገዛሁ፤ ብረት ነው።

ዝገቱን ፍቄ ስጨርስ ጉልበት እንዲሆነው አንድ ባልዲ አጥሚት በነዳጅ ታንከሩ ቀዳሁበት። በሳምንቱ ክዳኑን ብከፍት ትል ይርመሰመሳል። በወጣትነታቸው እንዲህ ያለ ጂፕ ይነዱ የነበሩት ጎረቤቴ አስር አለቃ ገረመው አፍንጫቸውን ይዘው መጡ።

«ምን አበላሽው?»

«አጥሚት።»

«አራስ መሰለሽ እንዴ?»

«ታዲያ እህል ውሃ አይልም?»

«ናፍጣ ብቻ።»

ታንከሩን አውርደን አጠብነው። የደፋሁትን የእኛዋ ከነትሉ ልሳ ጨረሰችና ወተቷን ፈልጋ ጮኸች። የጂፑ ሞተር ገና አልተነሣም፤ ነገ ገበያ በእግሬ ነው። ቢሆንም የወተቱን ጆግ ይዤ አለፍኳትና ለትርንጎ አቀረብኩላት።

«መኪናዋ ሳትጠጣ?» አለችኝ ልጄ፣ እጇን ሳትዘረጋ።