ውሃ ከአባት መዳፍ

«ሙሽራዋ ቆማ የለ እንዴ! ውሃው የታለ?» አክስቷ ጆህር እየጮኸች ከጓዳ ወጣች። ከአጥሩ ውጭ የሙሽራው ወገን መኪኖች ጡሩምባቸውን ያንባርቃሉ። የሙሽራዋ የታሳዲት ዓይን ግን ከበለሱ ዛፍ አልተነቀለም። አባቷ እዚያ ነው፤ ግንዱን ተገን አድርጎ፣ እንደ ሌባ።

አገር የሚመራ ሰው ነው እንግዲህ! በአደባባይ አፉን ሲከፍት ሕዝቡ ጸጥ ይላል። የሰውን ሁሉ ልጅ አቅፎ ሲስም በቴሌቪዥን ስንቴ አይታዋለች። እሷን ግን በአያቷ ፊት አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» ብሏት አያውቅም። በዚህ ተራራ ላይ፣ አባቱ እያየ ልጁን የሚያቅፍ ወንድ ዓይን አውጣ ይባላል። ልጁን የሚድርማ ጭራሽ ከቤት ይሰወራል፤ ሙሽራዋን ከመዳፉ ውሃ አጠጥቶ በበርኖሱ ስር የሚያሳልፋት የቤቱ ታላቅ ነው።

ሥርዓቱን ታውቀዋለች። ቢሆንም፣ ዛሬም ካላላት መቼ ሊላት ነው?

አያቷ አርዝቂ በርኖሳቸውን ደርበው ብቅ አሉ። ጠዋት ደጅ ቁጭ ብለው በገዛ እጃቸው በምላጭ የተላጩት አገጭ ያብረቀርቃል። «ነይ እስቲ፣ የቤቴ መብራት» አሏትና መዳፋቸውን ዘረጉ።

ጆህር ከማሰሮው አፈሰሰችላቸው። እጃቸው ተንቀጠቀጠና ውሃው ጫማቸው ላይ ተደፋ። ደግማ አፈሰሰች፤ ደግሞ ተደፋ።

«ወይ እርጅና! እጄ ከዳኝ» አሉና ወደ በለሱ ጮኹ። «አንተ መዝያን! አገር ይመራል ስል የበለስ ዘበኛ ኖሯል የወለድኩት?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አባቷ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«አባባ፣ እርስዎ እያሉ እኔ እንዴት...»

«ያንተም እጅ ይንቀጠቀጣል?»

«ኧረ አይንቀጠቀጥም።»

«እንግዲያው አጠጣታ! ልጅህ አይደለችም?»

በርኖሱን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። አባቷ ሁለት መዳፉን ገጥሞ ውሃውን ተቀበለ። ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ጠብታ ግን አላፈሰሰም።

«ጠጪ ልጄ» አላት፣ ሁሉም እየሰማ። «ጠጪ፣ ታሳዲቴ።»

እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ቀና ስትል አያቷ አገጫቸውን እየዳሰሱ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ያን አገጭ አየችው፤ አንዲት ጭረት የለበትም።

ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። የሚንቀጠቀጥ ነገር አልነበረውም።

«አላህ ያቆይልኝ፣ አባባ» አለች፤ እንባዋ አመለጣት።

«ዝም በይ አንቺ» አሏት በሹክሹክታ። «ሂጂ፣ ሰው ይጠብቅሻል።»

አባቷ ለሕዝብ የሚያነሳውን ክንድ አነሳ፤ በርኖሱ እንደ መጋረጃ ወረደ። ታሳዲት ዝቅ ብላ ገባች። መኪኖቹ ደጋግመው ጮኹ፤ እሷ ግን ከዚያ ስር ቶሎ አልወጣችም።