በታሸገው ሳንቲም ላይ ያለ አሻራ

«ነክተኸዋል!»

«ብነካው ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አጎቴ! ጓንቴን ለእንቅልፍ እንኳ አላወልቅም።»

«ታዲያ ይሄ የማን ጣት ነው?»

እኔና አጎቴ ሰብሳቢዎች የሚያመጡትን አሮጌ ሳንቲም እየመረመርን የጥራት ደረጃ እናወጣለን። እንደ መስታወት የሚያበራ ሳንቲም ላይ አሻራ ከተገኘ ደረጃው ገደል ገባ። የነካሁት እኔ ከሆንኩ ደግሞ ዛሬውኑ እባረራለሁ፣ ምሕረት የለም።

አጎቴ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክረው ወረቀት ላይ አተሙት። ከሳንቲሙ አሻራ ጋር በአጉሊ መነጽር አስተያየነው። አምና ሽንኩርት ስከትፍ ቢላ የተወብኝ ጠባሳ ሳይቀር አንድ ነው።

ሳንቲሙን ከታሸገበት ፕላስቲክ ጋር ገለባበጥኩት። አሻራው ከውስጥ ነው፤ ማሸጊያው ግን ተከፍቶ አያውቅም።

«አጎቴ፣ ይሄ የታሸገው እኔ ሳልወለድ ነው እኮ! ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን ይዩት!»

አዩት። ወንበራቸውን ከእኔ ራቅ አደረጉና፣

«ማሸጊያ ሳይከፍት ገብቶ የሚነካ መንፈስ ብቻ ነው። እና መቼ ነው የሞትከው?» አሉኝ።