የእማማ ራዳ ጉልበት

ራዳ ከአውቶቡሱ ወርዳ የሆስፒታሉን በር ስታይ መሀረቧን አጠበቀች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ጉልበቴን፣ ጉልበቴን» ስትል ከርማለች። ልጇ ዝላቲና ደብዳቤ ከምታድልበት ፖስታ ቤት ፈቃድ ወስዳ ከትሮያን ከተማ ይዛት የመጣችው፣ ልቅሶዋን መስማት ቢያቅታት ነው።

ዝላቲና ሆስፒታል ትፈራለች። አባቷ በእግሩ ገብቶ በሬሳ ሣጥን ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት የሐኪም ደጅ ረግጣ አታውቅም። ጥርሷን ሲያማት እንኳ ራኪያ የሚሉትን አረቄ ተጉመጥምጣ ትተኛለች።

ሊፍቱ ጋ ሰልፍ ስለነበር በደረጃ ወጡ። ራዳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ምነው ቆየሽ?»

«ሽታው ነው» አለች ዝላቲና፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ላቧን እየጠረገች።

አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ከአንዱ ክፍል የሰው ማቃሰት ይሰማል። ራዳ የልጇን እጅ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«መርፌ አለው ይላሉ።»

«ውሃ ከቋጠረ ነው የሚቀዱት። መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ያዩታል። እሱ አያምም።»

«አንቺ ብትሆኚ ትታዪ ነበር?»

«እማዬ፣ እኔን ምን አመጣኝ?»

«እንግዲያው አብረሽኝ ግቢ። ውጭ እጠብቃለሁ እንዳትዪኝ።»

ዶክተር ቦያን ጎልማሳ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ራዳን አስተኝቶ ጉልበቷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባና መሣሪያውን ቀስ እያለ አስኬደው። ዝላቲና ትሪው ላይ የተቀመጠውን ረጅም መርፌ አይታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ጥቁር ሆኖ የሚታየው ውሃ ነው» አለ ሐኪሙ።

ከዚያ ዝም አለ። መሣሪያውን ወደ ጎን መለሰው፤ እንደገና ወደ ላይ። ሌላኛውንም ጉልበት አየ። ዝላቲና ዝምታውን ታውቀዋለች። የአባቷም ሐኪም እንዲህ ነበር ዝም ያለው።

«ዶክተር፣ ይንገሩን። ክፉ ነገር ነው?»

«ከዚህች ቀጭን መስመር በቀር ውሃ የለም። ይቺን ያህል ጤነኛ ጉልበትም አለው። እብጠትም አላይም።»

ዝላቲና ትንፋሿ ተመለሰ። «ተመስገን። ሰማሽ፣ እማዬ? በከንቱ ነው የፈራሽው። ተነሺ፣ የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጠን።»

ራዳ ቅባቱን በወረቀት ጠርጋ ከአልጋው ወረደች። በሩን ዘጋችና ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ ቆመች።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

ሐኪሙ አልጋው ላይ አዲስ ወረቀት አነጠፈ። «ቀጠሮው የተያዘው በእርስዎ ስም ነው፣ ወይዘሮ ዝላቲና። ያስያዙት እናትዎ ናቸው። ያበጠው የትኛው ጉልበትዎ ነው?»

«ግራው ነው» አለች ራዳ፣ ከበሩ ሳትነቃነቅ።