ከኋላ ጋደም ብላለች

እናቱ ካረፉ ሦስት ወር አለፋቸው። የአካል ጉዳተኛ መታወቂያቸው ግን ዛሬም ከመኪናው መስታወት አልወረደም፤ ሁለት ጤነኛ እግር ያለው ልጃቸው ባንኩ በር ላይ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር በተከለለው ቦታ ያቆምበታል።

"እናታችንስ?" አለው ጥበቃው እንደ ልማዱ።

"ከኋላ ጋደም ብላለች። መጣሁ።" ቦታው እንዳይቀርበት ብሎ መርዶውን አልነገረውም።

የመኪናውን በር ቆልፎ ጥቂት እንደተራመደ የጥበቃው ድምፅ ተከተለው።

"ቀስ ይበሉ፣ እማማ። እኔን ይደገፉ።"

ዞር አለ። ቁልፉ እጁ ላይ ነው፤ የኋላው በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። ጥበቃው ክንዱን ዘርግቶ ጎንበስ ብሏል።

"ጋሼ፣ ምነው ጨከኑ? ሦስት ወር ሙሉ ተቆልፎብኝ ነበር እያሉ እኮ ነው!"

መኪናው፣ ሰው እንደወረደለት ሁሉ፣ ከኋላው ቀስ ብሎ ከፍ አለ።