የሐሙሱ ወንበር

ብሪታ እግሯን ባንቀጠቀጠች ቁጥር ጠረጴዛው እየተነቃነቀ በአያቷ የቡና ኩባያ ውስጥ ያለው ማንኪያ ይንቃጨል ነበር። ስልኳ ላይ ፖከር መጫወት የጀመረችው በዚያው ሳምንት ነው፤ መደቡ ሁለት ሳንቲም። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ካርድ መያዝ ያቆሙት አያቷ ግን ቃል ገብተውላታል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትቸኩል ከተጫወተች፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ሠላሳ ዓመት የተጫወቱበት የሐሙስ ወንበር የእሷ ነው።

«ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?» አሏት።

«ከእኔ በፊት ተራ ያለው ሰውዬ እያሰበ ነው፣ አያቴ! ለሁለት ሳንቲም ይሄን ያህል?»

እጇ ላይ ሁለት ሰባት ነበራት። መጠበቁ አንገፈገፋትና ተራዋ ሳይደርስ ካርዷን ጥሎ ከዙሩ የሚያስወጣትን «ጣል» የሚለውን ቁልፍ ነካችው። ሰውየው በስንት ጊዜው ተጫወተ፤ የእሷ ካርዶች ወዲያው ከስክሪኑ ጠፉ። ከዚያ ለሁሉም ተጫዋች የሚቆጠሩት የመሐሉ ካርዶች ተገለጡ፦ ሰባት፣ ንግሥት፣ ሰባት። ብትጠብቅ አራት ሰባት ይኖራት ነበር፤ የሚያሸንፈው የለም ማለት ይቻላል። እግሯ ባለበት ቀጥ አለ።

«ምን መጣ?» አሉ አያቷ።

«ምንም» አለች ድምጿን አለስልሳ። «የማይረባ ካርድ ነበር፤ በደንብ አስቤበት ጣልኩት።»

ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ኩባያው አዘነበሉ።

«ታዲያ ማንኪያው ለምን ዝም አለ?»